ከትምህርት መልስ፣ ከሎሪው ጀርባ

ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አልወዳትም፤ እሷም አትወደኝም። ይህን ከመጀመሪያው መናገሬ ኋላ ላይ "አበዛችው" እንዳትሉኝ ነው። በኬንያው ሞያሌ፣ ከኬላው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የእኔ ሱቅና የእሷ ሆቴል ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ሁለታችንም ከመሃል አገር የመጣን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም፣ በበዓል አንድ በግ ለሁለት የምንካፈል ሰዎች ነበርን። በግ መካፈሉ የቀረው በልጆች ጨዋታ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን በእሱ ነው የቀረው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ነው። ያኔ አስር ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትጥልና ከባንኮኒው ጀርባ ካለው የስኳር ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ እሷ ብስኩት ትከፍታለች፤ ብስኩቱ ሲያልቅ ሶዳ፣ ሶዳው ሲያልቅ ከጎረቤት ትኩስ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ። እስኪመሽ ከዚያ አትነሳም። የባለ ሱቅ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው፣ ከመደርደሪያው እጁን እየዘረጋ። እኔም ክፋቱ አልታየኝም። እዚህ ከተማ ካለነው እናቶች ብዙዎቻችን በስደተኛ ካምፕ ለራሽን ተሰልፈን ያደግን ነን። ወፍራም ልጅ ለእኛ እንደ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሰው አይቶ "አለፈላቸው" የሚልበት።

ከዚያ ዳገቱ ያሸንፋት ጀመር። ትምህርት ቤቷ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሌሎቹ እየተሯሯጡ ሲወጡ የእኔዋ መጀመሪያ ጎሚስታው ጋ ትቆማለች፤ ቀጥሎ ከመስጊዱ አጥር ሥር፤ ቀጥሎ ደግሞ ዳገቱ ከሚታጠፍበት ትልቅ ድንጋይ ጋ። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች። የሆቴሏ ባለቤት ልጅ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሱ የማያርፍ። "ታንከር" የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው። ነዳጅ የጫነ መኪና ዳገቱን በመጀመሪያ ማርሽ ሲወጣ የሚያሰማውን ጩኸት አፉን ሞልቶ እያሰማ ከኋላዋ ይከተላታል። ልጆቹ ይስቃሉ። ልጄ አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን አስራ ከጨረሰች በኋላ መልሳ ፈታችውና "ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ካላሳፈርሽኝ አልሄድም" አለችኝ።

ወደ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን አዳመጠች፣ ክብደቷን አየች፣ ከዚያ መድኃኒት የምትጽፍ መስሎኝ ስጠብቅ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ከትምህርት በኋላ ምን ትሠራለች?"

"ሱቅ ትቀመጣለች።"

"ቀጥሎስ?"

"ቀጥሎም ትቀመጣለች።"

"ለዚህ እኔ መድኃኒት የለኝም፤ አንቺ ነሽ ያለሽ። አሯሩጫት። ልጅ ሩጥ ሲሉት አይሮጥም፤ ጨዋታ ካገኘ ግን ሳያዙት ይሮጣል። በየቀኑ ከትምህርት መልስ እስኪያልባት ትጫወት። አሁን እንዲህ ከተቀመጠች ስታድግ ስኳሩም ግፊቱም ተከትሎ ይመጣል።"

ታላቅ እህቴን የወሰዳት ስኳር ነው፤ መጀመሪያ እግሯን፣ በኋላ እሷን። ከክሊኒኩ እስከ ቤት ልጄን እጇን ይዤ ስሄድ የማስበው ስለ እግሯ ብቻ ነበር።

ከሱቄና ከሆቴሉ ጀርባ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቱ ኦዳ በሚባለው መንደር የሚኖር ሰው ነው፤ ጠዋት ሎሪዎች ሽንኩርትና ድንች ያራግፉበታል፣ አስር ሰዓት ላይ ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ ባዶውን ይቀራል። በአንዱ ጥግ ግራር አለ። አሮጌ ካልሲ በፌስታል ጠቅጥቄ፣ በሲባጎ ጠቅልዬ ኳስ ሠራሁና የሰፈሩን ልጆች ጠራሁ። ካቲ እንዲጫወቱ ነው። ካቲን የማያውቅ ካለ፦ ልጆቹ ለሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ ከአንዱ ሁለት ልጆች ከዚህና ከዚያ ሆነው ኳስ ይወረውራሉ፤ የሌላው መሃል ገብተው እየሸሹ ያመልጣሉ፤ የተመታ ይወጣል።

ልጄ በመጀመሪያው ውርወራ ተመታች። ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጨዋታው ሲያልቅ ሌላ ተጀመረ፤ አሁንም ቀድማ ተመታች፣ አሁንም ድንጋይዋ ላይ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጫጮቹ ሁሉ በላብ ታጥበዋል፤ የእኔዋ ቀሚስ ግን እንደ ተተኮሰ ነው። ከስኳር ጆንያ ወደ ድንጋይ አዛወርኳት እንጂ ምንም አልሠራሁም። ሩጫ የሚያስፈልገው ልጅ ቀድሞ የሚወጣበት ጨዋታ ምን ይረባል? በማግስቱ አዲስ ሕግ አወጣሁ። የተመታ አይቀመጥም፤ ሮጦ ግራሩን ነክቶ ተመልሶ ይገባል።

የሆቴሉ ልጅ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ የካቲ ሕግ አይደለም።"

"እዚህ ሜዳ ላይ ሕጉ ይሄ ነው።"

"ሜዳው የእርስዎ ነው እንዴ?"

አንቱታው ከስድብ ይብሳል። ቢሆንም እያጉረመረመ ተጫወተ። ልጄ እየተመታች፣ ወደ ግራሩ እየተጎተተች፣ እየተመለሰች፣ እንደገና እየተመታች አመሸች። ቤት ስንገባ እግሯን ሳጥብላት ውሃውን በእግሯ ረጨችብኝ።

"ለምን ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ጠላሁሽ።"

"ጥዪኝ" አልኳት። "ግን እየሮጥሽ ጥዪኝ።"

ሳምንታት አለፉ። ለውጡ ድንገት አልመጣም፤ እንደ ቤት ጥገና በትንሽ በትንሹ ነው። መጀመሪያ እንቅልፏ ተስተካከለ። ቀጥሎ ማንዳዚውን መጠየቅ ረሳች፤ ለመብላት ጊዜ የላትማ። ጠዋት ጎሚስታው ጋ መቆም ተወች፤ የመስጊዱ አጥርና ድንጋዩ ግን ቀሩ። አንድ ቀን ከትምህርት እንደ ገባች ቦርሳዋን ጥላ "ኳሱስ?" አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ ጀርባዬን አዞርኩ፤ ፊቴን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አጥሯ ጋ ቆመች።

"አንቺ፣ የሰው ልጅ ለማክሳት ማን ሾመሽ?"

"ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱበት።"

"ልጄን በወተትና በሥጋ የገነባሁት አንቺ በአቧራ እንድታፈርሽው ነው? ድሮውንም ሥጋ አይዘው። ካምፕ ያየሽውን ረሳሽ?"

"የረሳሽውስ አንቺ ነሽ። ካምፕ እያለን እንሮጥ አልነበር?"

"ለራሽን ነዋ የሮጥነው" አለችና ገባች።

ስኳር ስመዝን፣ ሳሙና ስቆርጥ "ምን ብዬ በመለስኩላት" እያልኩ ከረምኩ።

ከዚያ ጦርነት ሆነ። አስር ሰዓት ሲል አስተናጋጇ የሳህን እጣቢ ባልዲ ሙሉ ይዛ ትወጣና ሜዳው ላይ ትደፋዋለች። መሬቱ ቀይ አፈር ነው፤ ጭቃ ሆነ። ልጆቹ ደግሞ ጭቃው ላይ መንሸራተት ጀመሩና ካቲውን ረስተው በመንሸራተት ተወዳደሩ። ሴትዮዋ በመስኮት አይታ መጋረጃውን ጎተተችው። እኔም መልአክ አይደለሁም። ሜዳውን የምጠርገው ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ፤ ያውም ነፋሱ ወደ ሆቴሉ በረንዳ የሚነፍስበትን ቀን እየመረጥኩ። ሾፌሮቹ ሳህናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲበሉ አይቻለሁ።

በዚህ መሃል ነው ከባድ ስሕተት የሠራሁት። ከሄሉ መንደር የግመል ወተት እያመጡ ሱቄ በር ላይ የሚሸጡ አንዲት የቦረና ባልቴት ነበሩ። ወተታቸው እስኪያልቅ የልጅ ልጆቻቸው ከእኛ ጋር ይጫወታሉ። አንድ ቀን ልጆቹ በዝተው "እኔ ከእሱ ጋር፣ እኔ ከእሷ ጋር" ብለው ሲጣሉ እኔ መሃል ገባሁና ለሁለት ልክፈላቸው ብዬ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኳቸው። ባልቴቷ ወተታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። የልጅ ልጆቻቸውን ክንድ ይዘው፣ እኔን አንድ ጊዜ አይተው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም። የቦረና ልጆች አንዳቸውም ወደ ሜዳው አልመጡም።

የሆቴሏን ሴትዮ ነው የጠረጠርኩት። ወጥ ቤቷ ድረስ ገባሁባት።

"ምን ብለሽ ነው ልጆቹን ያባረርሽብኝ?"

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ሳቀች። "እኔ? ጣትሽ ነው ያባረራቸው። ሰው በጣት እየጠቆሙ ይቆጥራሉ? እነሱ እንኳን ልጅ ከብት አይቆጥሩም። ያንቺስ እናት ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ቁጥር ትናገር ነበር?"

አትናገርም ነበር። እናቴ "እግዜር የሰጠኝን ይዣለሁ" ነበር የምትለው። ስንት ዓመት ከቦረና ጋር ስገበያይ ኖሬ፣ የእናቴም ቤት ያንኑ አስተምሮኝ፣ ይህን ከጠላቴ አፍ ሰማሁት።

የባሰው በኋላ መጣ። በዚያው ሳምንት ልጇን ወባ ያዘው። ዝናብ ዘንቦ ትንኙ የተነሣበት ጊዜ ነው፤ በየቤቱ ልጅ ታሟል። እሷ ግን ለእኔ በሳቅ የተናገረችውን ለደንበኞቿ በእንባ ነገረቻቸው። "ቆጥራ ጣለችብኝ" አለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ጎናቸው ሲያዞሩ አየሁ። ሱቄ የሚገባም ሰው ሳሳ። አንዷ ጨው ልትገዛ መጥታ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ "ፀሐዩ ነው" አለች፣ በጥላ ቆማ።

ሜዳው ባዶ ሆነ። ልጄ ወደ ስኳር ጆንያዋ ተመለሰች። ብስኩት ከፍታ ሳትበላው ይዛው ተቀመጠች።

"ደስ አለሽ አይደል?" አልኳት፤ ንዴቴን የምጥልበት አጥቼ። "ያልሽው ሆነልሽ፤ ጨዋታው ቀረ።"

"ዛሬ ቀድሜ መሃል የምገባው እኔ ነበርኩ" አለች።

ብስኩቱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። እኔም ሱቁን ዘጋሁ። አንድ ቦዳ ቦዳ ላይ ለሁለት ተፈናጥጠን፣ ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዘን ወደ ሄሉ ወረድን።

ባልቴቷ ፍየል እያሰሩ አገኘናቸው። ስኳሩን ተቀበሉ፤ ተቀመጡ አላሉንም።

"ኢጆሌ አይቆጠርም" አሉ በአማርኛና በኦሮምኛ እያደባለቁ። "ልጅ አይቆጠርም። ይሄን ሳታውቂ ነው የሰው ልጅ የሰበሰብሽው?"

"አጥፍቻለሁ እናቴ። ታዲያ ቡድን በምን ልክፈል?"

"እኔ ከብቶቼ ሲገቡ ሳልቆጥር የጎደለችውን አውቃለሁ። አንቺ ይቺን ጥቂት ልጅ በዓይንሽ አይተሽ መለየት ያቅትሻል? ዓይን የለሽም?"

ሌላም ብዙ ተናገሩኝ፤ የሚገባኝንም የማይገባኝንም። የሆቴሏን ሴትዮ ወሬ ሰምተዋል፤ በእሱ ግን አላመኑም። "ወባ ወባ ነው" አሉ። የተቆጡት በወሬው ሳይሆን በጣቴ ነው። ልጄ ከኋላዬ ቆማ እግራቸውን ስታይ ቆየችና "አኮ" አለቻቸው፣ የሰፈሩ ልጆች አያታቸውን እንደሚጠሩት። "ጫማ ይቆጠራል?"

ባልቴቷ የፍየሏን ገመድ እንደ ያዙ ቆሙ።

"ጫማ?"

"ሁላችንም አንድ አንድ ጫማ አውልቀን ብንከምረው። ክምሩን ለሁለት ብንከፍለው። ጫማው የሄደበት ይሄዳል።"

"ጫማ ነፍስ የለው" አሉ። ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። "ጫማውን ቁጠሪ።"

በማግስቱ ወተታቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ነበሩ። ለእኔ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ግን ለቀቁልኝ። የቦረና ልጆች ሲመጡ ሌሎቹም እናቶች ቀስ በቀስ ለቀቁ። ጫማው ተከመረ፤ የትምህርት ቤት ቆዳ ጫማ፣ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ ስሊፐር። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ ይወረውራል፤ ሌላው ሁሉ በአንድ እግሩ እየዘለለ ጫማውን ይፈልጋል። ይህም ራሱ ጨዋታ ሆነና አንዳንዴ ካቲውን ሳይጀምሩ ያልባቸዋል። የሆቴሉ ልጅ ትኩሳቱ ሲለቀው በወጥ ቤቱ በር ሾልኮ መጣ። እናቱ በፊት ለፊት በር ጠርታ ታስገባዋለች፤ እሱ በኋላው ይወጣል።

ያኔ ነው ሴትዮዋ ኦዳ ድረስ የሄደችው። ከባለ ቦታው ጋር ምን እንደ ተነጋገረች አላውቅም። አንድ ቀን አስር ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲመጡ ትልቅ የሽንኩርት ሎሪ ሜዳው ላይ በአግድም ቆሟል። ሾፌሩ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆቴሏ እንግዶች ማቆሚያ እዚያ ሆነ።

"በይ፣ ሜዳሽ ያውልሽ" አለችኝ።

ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። ያለችኝንም አልጽፈውም። የሰማው ሾፌር ሻዩን ሳይጨርስ ገብቷል።

ልጆቹ በሎሪውና በግራሩ መካከል በቀረችው ቁራጭ መሬት ላይ ተጣበው ጀመሩ። ልጄ መሃል ገባች። ከአንድ ሁለት ውርወራ አመለጠች፤ ሦስተኛው ኳስ ስቷት ሎሪው ሥር ገባ። የሆቴሉ ልጅ ተንፏቆ ገብቶ ኳሱን አወጣና አልወረወረውም። ብብቱ ሥር ከተተው።

"ታንከር" አለ። "ከደረስሽብኝ ውሰጂው።" ከዚያ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ዳገቱን ያዘው።

ልጆቹ ሁሉ ወደ ልጄ ዞሩ። አንድ ጫማዋን ገና ከክምሩ አላነሣችም ነበር። ሌላውን ከእግሯ ነቅላ ጣለችና ተከተለችው።

ሴትዮዋ ከሆቴሏ፣ እኔ ከሱቄ እኩል መንገድ ላይ ወጣን። "ና ተመለስ፣ ገና ከበሽታ ተነሥተህ" ትላለች። እኔም ልጄን ተመለሺ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ደረቷን ፈራሁት። ሟች እህቴም ትዝ አለችኝ። ግን ጎሚስታውን ስታልፍ አየኋትና ተውኩት። የመስጊዱ አጥር ሥር ስትደርስ ሩጫዋ ቀነሰ። እዚያ ነው የምትቆመው። እጇን አጥሩ ላይ አሳረፈች፣ ገፋችውና አለፈች።

ሴትዮዋና እኔ ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። በጉን መካፈል ከተውን ወዲህ እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም።

"ልጅሽ ልጄን ልትገድልብኝ ነው" አለች ወደ እኔ ሳትዞር።

"ልጅሽ የልጆቹን ኳስ ይመልስ።"

ትልቁ ድንጋይ ጋ ሁለቱም ታጥፈው ከዓይናችን ተሰወሩ። ቆማ ይሁን አልፋ አላየሁም። አንድ ሎሪ እያጓራ ወጣ፣ አንድ ቦዳ ቦዳ ወረደ።

ልጄ በእግሯ ብቅ አለች፣ ኳሱን ብብቷ ሥር ይዛ። ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ግን የትም ሳትቆም ነው የወረደችው። እኔን አልፋ ሴትዮዋ ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ልጅዎ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። መነሳት አቅቶታል። ውሃ ይዘውለት ይሂዱ።"

በንግግሯ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሴትዮዋም የፈለገች ይመስለኛል። ገብታ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዛ ወጣችና በስሊፐሯ ዳገቱን ጀመረችው። እያየኋት ነበር፤ ማየት ብቻም አይደለም፣ እንድትደክም እየጠበቅኋት ነበር። መስጊዱ አጥር ሥር ስትደርስ ቆመች። ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ሳቄ አመለጠኝ።

"እማ፣ አትሳቂ" አለችኝ ልጄ። የወረወረችውን ጫማ እያነሣች ነበር። "እኔም እዚያ ጋ ነበር የምቆመው።"

በማግስቱ ሎሪው እዚያው ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ በሱቄ በር ስታልፍ ፊቷን አዞረች፤ እኔም አዞርኩ። አስር ሰዓት ሲል ልጄ ቦርሳዋን ጥላ በሎሪው ሥር ሾልካ ወደ ግራሩ አለፈች። "ጫማችሁን" ስትል ድምፅዋ እስከ ባንኮኒው ድረስ ተሰማኝ።